ጠሪው የማይሳሳትበት ኤፒአይ፦ በሐዋሳ የአውቶቡስ ትኬት ምሳሌ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ከሐዋሳ የሚነሡ ጉዞዎቹን ትኬት ሌሎችም ከየራሳቸው ሲስተም እንዲቆርጡ ሊፈቅድ ነው እንበል። ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፣ እንግዳው ክፍሉን ሲለቅ የአዲስ አበባ ትኬቱን እዚያው እንግዳ መቀበያው ላይ ይቆርጥለታል። ፒያሳ ያለች አነስተኛ የጉዞ ወኪል ደግሞ በቴሌግራም ቦት ትሸጣለች። የሆቴሉ ሲስተም በፒኤችፒ ተጽፏል፣ ቦቱ በፓይተን። ሁለቱም ፕሮግራመሮች የድርጅቱን ዳታቤዝ አያዩትም፤ የሚያዩት ኤፒአዩን፣ ማለትም የእነሱ ፕሮግራም የድርጅቱን ሲስተም የሚጠራበትን መገናኛ ብቻ ነው። በዚህ መገናኛ የሚጠይቀውን ፕሮግራምና ፕሮግራመሩን «ጠሪ» እንላለን። የሚገምቱትም የሚሳሳቱትም ከእሱ ተነሥተው ነው።

ድርጅቱና ሆቴሉ ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው፤ ወጥመዶቹ ግን እውነተኛ ናቸው። የኮዱን ስሞች ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ሥራ ላይ ሲውሉ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

1. መጀመሪያ የጠሪውን ኮድ ጻፉ

አብዛኛው ኤፒአይ የሚበላሸው ከዳታቤዙ ስለሚጀመር ነው። ሠንጠረዦቹ ተዘጋጅተው አልቀዋል፤ ለእያንዳንዱ «አምጣ፣ ጨምር፣ አርም፣ ሰርዝ» የሚሉ አራት በሮች ይከፈቱለትና «ኤፒአይ አለን» ይባላል። ጠሪው ግን ሠንጠረዥ ማረም አልፈለገም፤ የፈለገው ሁለት ወንበር ነው።

አንድም መስመር የሰርቨር ኮድ ሳትጽፉ፣ ኤፒአዩ ያለቀለት ይመስል የሆቴሉን ፕሮግራመር ኮድ እናንተው ጻፉለት። ግማሽ ቀን ይበቃል። ይህን የመሰለ ነገር ይወጣችኋል፦

ቤት = ትኬት_ቤት(ቁልፍ)
ስምሪቶች = ቤት.ፈልግ(ከ: «ሐዋሳ», ወደ: «አዲስ አበባ», ቀን: «2026-03-14»)
ማቆያ = ቤት.አቆይ(ስምሪት: ስምሪቶች[0].መለያ, ወንበሮች: [«12», «13»])
ትኬት = ቤት.ቁረጥ(ማቆያ: ማቆያ.መለያ, ክፍያ: የክፍያ_ቁጥር)

አራት መስመር ነው። «ቁልፍ» ድርጅቱ ለጠሪው የሚሰጠው መግቢያ ነው፤ «ማቆያ» ደግሞ ክፍያው እስኪያልቅ ወንበሩ የሚያዝበት። ጠሪው ይህን ለማድረግ አሥራ አንድ መስመር ካስፈለገው፣ የተረፉት ሰባቱ የእናንተ ሥራ ወደ እሱ የዞረባቸው ናቸው። ከስምሪቱና ከማቆያው ሌላ በየጥሪው መሐል መለያ እያወጣ ወደሚቀጥለው ጥሪ የሚያሻግር ከሆነ፣ ወይም መጀመሪያ የመስመሩን ቁጥር፣ ቀጥሎ የተርሚናሉን ቁጥር፣ ከዚያ የታሪፉን ቁጥር መጠየቅ ካለበት፣ የተላላኪ ሥራ እያሠራችሁት ነው።

ያንኑ ኮድ በሁለተኛ ቋንቋም ጻፉት። በፓይተን ያማረው በጃቫ ሊጎረብጥ ይችላል፤ ምክንያቱም ጃቫ ግብአቶችን በስም ለይቶ ማስገባትን አያውቅም። «አቆይ(4471, 2, እውነት, ሐሰት)» የሚል ጥሪ ለጻፈው ሰው ዛሬ ይገባዋል፤ በሦስተኛው ወር ግን «እውነት» የምኑ እውነት እንደሆነ እሱም አያስታውሰውም። መመዘኛው ይህ ነው፦ ከሦስት በላይ ግብአት ካለ፣ ወይም ሁለት ተመሳሳይ ዓይነት ግብአቶች ጎን ለጎን ከገቡ፣ እያንዳንዱ በስሙ የሚገባበት አንድ ዕቃ (ኦብጀክት) ይሁኑ። «ከ» እና «ወደ» ሁለቱም ጽሑፍ ስለሆኑ ቢገላበጡ ኮምፒውተሩ አይጮኽም። የሚጮኸው አዲስ አበባ ቆሞ ትኬቱ ከሐዋሳ የሚነሣለት ተሳፋሪ ነው።

ኮዱን ዳታቤዛችሁን ላላየ ሰው ስጡትና እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚያደርግ ጮክ ብሎ ይንገራችሁ። አታስረዱት። ባስረዳችሁ ቁጥር ስሙ ተሳስቷል ማለት ነው።

2. ለአንድ ነገር አንድ ስም

የትራንስፖርት ሰው «መስመር»፣ «ስምሪት» እና «ትኬት» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚጠራው። መስመር ሐዋሳ–አዲስ አበባ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አለ። ስምሪት ያ አውቶቡስ በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት መውጣቱ ነው። ትኬት የአንድ ተሳፋሪ ወንበር ነው። ፕሮግራመሩ ሦስቱንም «ጉዞ» ብሎ ከጻፋቸው «ጉዞ ሰርዝ» የሚለው ትእዛዝ የአንዱን ትኬት ይሰርዛል ወይስ የአርባ አምስቱን? እንዲህ ያለ ነገር የሚታወቀው ከተሰረዘ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ትኬት ቆራጩ አጠገብ ሁለት ሰዓት ቁጭ በሉና የሚላቸውን ቃላት ጻፉ። ከዚያ የአሥራ አምስት ሃያ ቃላት ዝርዝር አውጡና ከዝርዝሩ ውጪ ስም እንዳይገባ ከልክሉ። አንዱ ኢንድፖይንት (የኤፒአዩ አንዱ በር) «ተሳፋሪ» ካለ ሌላው «ደንበኛ» አይበል። ተቃራኒዎችም ጥንድ ይሁኑ፦ «አቆይ» ካለ «ልቀቅ»፣ «ቁረጥ» ካለ «ሰርዝ»። የሠንጠረዥ ስም፣ የድሮ ሲስተም ምህፃረ ቃል፣ መጨረሻው ላይ «2» የተለጠፈበት ነገር ወደ ውጭ አይውጣ። «2» ያለው ስም ሁሉ «1» የት ሄደ ያሰኛል።

አንድ የትርጉም ወጥመድም አለ፦ «ትኬት ቆረጠ» ማለት ገዛ ማለት ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የኮድ ስም ሲዞር ቃል በቃል ከተወሰደ ግን የውጭ ፕሮግራመር መሰረዝ ይመስለዋል። በአማርኛው ሳይሆን በሥራው ተርጉሙ።

3. የአገራችን ወጥመዶች፦ ሰዓት፣ ገንዘብ፣ ስም፣ ስልክ፣ ቦታ

ከውጭ የተቀዳ አሠራር እዚህ የሚሰነጠቀው በእነዚህ አምስት ቦታዎች ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናያቸዋለን።

ሰዓት። «1 ሰዓት» የሚል ፊልድ (በጥያቄ ወይም በምላሽ ውስጥ የአንድ መረጃ ቦታ) ቢያንስ አራት ትርጉም አለው፦ በእኛ አቆጣጠር 07:00 ወይም 19:00፣ በፈረንጆቹ 01:00 ወይም 13:00። ኤፒአዩ ውስጥ የሚመላለሰው በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ከሰዓት ቀጠናው ጋር የተጻፈ መሆን አለበት፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚወጣ አውቶቡስ 06:00 ከ+03:00 ጋር። «ሦስት ሰዓት መደመር ጠሪው ያውቃል» አትበሉ። ውጭ አገር የተከራያችሁት ሰርቨር በአብዛኛው የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ቀጠናው ሳይጻፍ ከቀረ የ12 ሰዓቱ አውቶቡስ 03:00 ሆኖ ይታያል። ከዚህ የከፋው ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚወጣው ነው፤ 02:00 የነበረው 23:00 ሆኖ ወደ ትናንት ይሻገራል፤ ተሳፋሪውም በቀን ሲፈልግ አያገኘውም።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው። ከላይ በኮዱ ያለው 2026-03-14 መጋቢት 5 ቀን 2018 ነው። የሚመላለሰው ቀን ዓለም አቀፉ ይሁን፤ «ቀን_በኢትዮጵያ» የሚል ለማሳያ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ፊልድ ጨምሩ። ለምን ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይሆንም? የአብዛኛዎቹ ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የተለመደ የቀን ዓይነት አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያስተናግድ ነው። ወር ከ12 እንዳይበልጥ የሚፈትሽ ኮድ ጳጉሜንን በሙሉ ይመልሳል፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ ደኅና ሠርቶ ልክ የአዲስ ዓመት ተጓዥ ሲበዛ የሚፈነዳ ስሕተት ነው። በእጅ የሚሠራ ቀመርም ይሳሳታል፦ መስከረም 1 ቀን 2017 በሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ዋለ፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ግን ያለፈው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ልወጣውን ሰርቨሩ አንድ ቦታ ይሥራው፤ ሃያ ጠሪ ሃያ ቦታ አይሥራው።

ገንዘብ። ብርን በነጥብ ቁጥር አትላኩ። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ያወጣል። 845 ብር ከ50 ሳንቲም 84550 ተብሎ፣ ፊልዱም «ዋጋ_በሳንቲም» ተብሎ ይሂድ። አሃዱ በስሙ ውስጥ ከሌለ አንድ ቀን አንድ ሰው በመቶ ያበዛዋል፤ ወይም ማካፈሉን ይረሳዋል። የአገልግሎት ክፍያ ካለ ለብቻው አሳዩት፤ ጠቅላላ ድምሩንም ራሳችሁ ደምራችሁ መልሱ። ጠሪው ከደመረው የእሱና የእናንተ ሒሳብ በሳንቲም ይለያያል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ያችን ሳንቲም ፍለጋ የሚያመሸው ገንዘብ ያዡ ነው።

ስም። «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ሁለቱም ግዴታ የሆኑበት ፎርም እኛ ጋ አይሠራም። ሰው የራሱ ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም አለው፤ የሆቴሉ እንግዳ የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ «ሙሉ_ስም» ይበቃል። መታወቂያ ላይ ካለው ጋር መመሳከር ካለበት ሦስት ፊልድ አድርጉና የአያቱን ስም ግዴታ አታድርጉት። ርዝመት ስትገድቡም በፊደል ቁጠሩ እንጂ በባይት አትቁጠሩ፦ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በተለመደው መንገድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ «30» ብላችሁ የገደባችሁት ለላቲን 30 ፊደል ሲሆን ለእኛ 10 ብቻ ነው። «ወልደ ገብርኤል» ብቻውን 25 ባይት ይወስዳል፤ የአባት ስም ሲታከልበት አያልፍም።

ስልክ። ሰው 09 ብሎም፣ 07 ብሎም፣ +251 ብሎም፣ ፕላሷን ትቶ 251 ብሎም፣ መሐሉን ክፍት እያደረገም ይጽፋል። ሁሉንም ተቀበሉ፤ ስትመልሱ ግን ሁልጊዜ በአንድ መልክ፣ +251 እና ዘጠኝ አሃዝ አድርጋችሁ መልሱ። ዓይነቱ ጽሑፍ ይሁን፤ ቁጥር ከሆነ መጀመሪያው ላይ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። የትኬት መለያዎችም እንዲሁ ጽሑፍ ይሁኑ፤ ጃቫስክሪፕት ከ9007199254740991 በላይ ያለ ሙሉ ቁጥር ሲገባለት የመጨረሻ አሃዞቹን ሳይናገር ሊለውጣቸው ይችላል።

ቦታ። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ፤ አዳማና ናዝሬት። በስም የሚፈልግ ኤፒአይ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ካወቀ ለሌላው «ከተማ አልተገኘም» ይላል። ለእያንዳንዱ ከተማ የማይለወጥ መለያ ስጡ። ስሙ ሲፈለግ ሀ፣ ሐ እና ኀን፤ ሰ እና ሠን፤ አ እና ዐን፤ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቁጠሩ፤ የቆየና ሌላ ስም ያለውንም «ሌላ_ስም» በሚል ያዙ። ይህ ለመፈለጊያ ብቻ ነው፤ የተሳፋሪውን ስም እንደጻፈው አስቀምጡት።

መሳፈሪያ ቦታ የፖስታ ቁጥርና የቤት ቁጥር አይጠየቅበት፤ ሰው የሚያውቀው «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት»ን ነው። አንድ የምልክት ጽሑፍና የካርታ ነጥብ በቂ ነው። ነጥቡን ግን «[7.06, 38.48]» ብላችሁ በዝርዝር አትላኩት። አንዳንዱ መሣሪያ ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ጂኦጄሰን (የካርታ መረጃ የሚጻፍበት ቅርጽ) ደግሞ ኬንትሮስን። ሐዋሳ ሲገለበጥ ከጣሊያኗ ደሴት ከሰርዲንያ በስተደቡብ ምዕራብ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። «ኬክሮስ» እና «ኬንትሮስ» ብላችሁ በስም ለያዩአቸው።

4. ሁለት ጊዜ ቢጫን አንድ ትኬት

የሥራው ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱ። እንግዳ ተቀባይዋ «ቁረጥ» ትላለች። ጥያቄው ሰርቨሩ ይደርሳል፣ ወንበሩ ይሸጣል፣ ምላሹ በመመለስ ላይ ሳለ መብራት ይሄዳል ወይም ኔትወርኩ ይቆረጣል። ስክሪኗ ላይ የሚሽከረከር ክብ ብቻ አለ። ምን ታደርጋለች? ደግማ ትጫናለች። ጥፋቷ አይደለም፤ ማንም ይህንኑ ያደርጋል። ኤፒአዩ ግን ሁለት ትኬት ቆረጠ።

መፍትሔው የድግግሞሽ ቁልፍ ነው፤ እንደ ስትራይፕ ያሉ የክፍያ ኩባንያዎች በሰፊው ያስለመዱት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ጠሪው ለእያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ልዩ ቁልፍ ያመነጭና ከጥያቄው ጋር ይልካል። ሰርቨሩ ቁልፉን በዳታቤዝ ይመዘግባል፤ ዓምዱ ድግግሞሽ የማይፈቅድ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ የሰጠውን ምላሽ ከቁልፉ ጋር ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያስቀምጣል። ያው ቁልፍ ከዚያው ይዘት ጋር ተመልሶ ከመጣ ሥራውን ሳይደግም የቀድሞውን ምላሽ ይመልሳል። ያው ቁልፍ ሌላ ይዘት ይዞ ከመጣ በ422 ይመልሰዋል (እንዲህ ያሉት ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮች የኤችቲቲፒ ምላሽ ኮዶች ናቸው፤ ክፍል 5 ላይ እናያቸዋለን)፤ ይህ የጠሪው ኮድ ስሕተት ነውና መሸፈን የለበትም። የመጀመሪያው ገና በሥራ ላይ እያለ ሁለተኛው ከደረሰ መልሱ 409 ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ቁልፉን ሥራው ካለቀ በኋላ መመዝገብ። በመሐሉ ያለችው ግማሽ ሰከንድ ሁለት ጥያቄ ታሳልፋለች፤ ወንበሩ የሚሸጥበትና ቁልፉ የሚመዘገብበት የዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚፈጸም ወይ ሁሉም የሚቀር የሥራ ጥቅል) አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ጠሪው ቁልፉን ከሰዓቱ ማመንጨቱ፤ በየሙከራው አዲስ ቁልፍ ስለሚሆን ከቶም አይጠቅምም። ይህን በማስረጃ ጽሑፉ (ለጠሪው በምትሰጡት የአጠቃቀም መመሪያ) ከመለመን ይልቅ ላይብረሪያችሁ (ጠሪው ኮዱ ውስጥ እንዲያስገባው አዘጋጅታችሁ የምትሰጡት ኮድ) ራሱ «አቆይ» ሲባል ቁልፉን ያመንጭና ከማቆያው ጋር ያስቀምጠው። ሦስተኛ፣ ቁልፉን እንደ ውዴታ መተው። በ«ቁረጥ» ላይ ቁልፍ ያልያዘን ጥያቄ በ400 መልሱ። ለፕሮግራመሩ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ያስቸግረዋል፤ በመቶኛው ቀን ይመርቃችኋል።

ማቆያው 10 ደቂቃ ይቆይ እንበል። ለጠሪው የሚያበቃበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን «የቀረ_ሰከንድ» የሚልም መልሱለት፤ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደኋላ ሊቀር ይችላል።

ክፍያው በቴሌብር ከሆነ ደግሞ ክፍያና ቆረጣ አንድ ቅጽበት አይደሉም። ተሳፋሪው ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ፣ የሚስጥር ቁጥሩን እስኪያስታውስ፣ የክፍያው ማረጋገጫ ለሰርቨራችሁ እስኪደርስ 10 ደቂቃው ሊያልፍ ይችላል። ገንዘቡ ገብቶ ወንበሩ ለሌላ ተሽጧል። ይህ ሁኔታ ስም ከሌለው ጠሪው «ስሕተት» ብቻ ያይና ተሳፋሪው ድጋሚ እንዲከፍል ይጠይቀዋል። ስለዚህ ሁኔታዎቹን ሁሉ በስም ዘርዝሩ፦ «ተይዟል»፣ «ክፍያ_ይጠበቃል»፣ «ተቆርጧል»፣ «ጊዜው_አልፏል»፣ «ተሰርዟል»፣ «ተመላሽ_ይጠበቃል»። ከየትኛው ወደየትኛው እንደሚኬድ በቀስት ሥላችሁ ማስረጃው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለጥፉት። ሁለት የ«እውነት/ሐሰት» ፊልዶች፣ «ተከፍሏል» እና «ተሰርዟል» ብላችሁ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ሁለቱም እውነት የሆኑበት ትኬት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም።

የክፍያ ማረጋገጫ ወደ ጠሪው ስታስተላልፉ ሊደገም እንደሚችልና ቅደም ተከተሉ ሊዛባ እንደሚችል በግልጽ ጻፉ፤ እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ይኑረው። ጠሪው መልእክቱ ካልደረሰው «የዚህ ማቆያ ሁኔታ ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ኢንድፖይንትም ያስፈልገዋል። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚደረስበት ሰርቨር ስለሌላቸው ለእነሱ ዋናው መንገድ ይኸው ነው።

ዳግም መሞከርንም ላይብረሪው ይሥራው፦ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ሰከንድ በኋላ፣ በየመሐሉ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ እየታከለ። ያ የዘፈቀደ ጊዜ ከሌለ የከተማው ኔትወርክ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይጠሩና ሰርቨሩን መልሰው ይጥሉታል። የሚደገመው ምላሽ ሳይመጣ ጊዜ ሲያልፍ፣ በ502፣ በ503፣ በ504 (ሰርቨሩ ለጊዜው አልቻለም) እና በ429 (ጥሪ አብዝተሃል) ነው፤ 429 ሲሆን ሰርቨሩ «ከዚህን ያህል ሰከንድ በኋላ» ያለውን ጠብቆ። 400 እና 422 መቶ ጊዜ ቢደገሙም መልሳቸው ያው ነው።

5. ስሕተት ሲመለስ መንገዱም ይነገር

የኤችቲቲፒ ኮዱ 200 (ተሳክቷል) ሆኖ ውስጡ «ስኬት፦ ሐሰት» የሚል ምላሽ አትመልሱ። የጠሪው ላይብረሪ፣ መከታተያ መሣሪያውና መሐል ያለው መሸጋገሪያ ሰርቨር ሁሉም ነገሩ የተሳካ ይመስላቸዋል። የተሳሳተ ግብአት 422፣ ያልታወቀ የመግቢያ ቁልፍ 401፣ ቁልፉ ታውቆ ፈቃድ ከሌለው 403፣ የሌለ ነገር 404፣ የተሸጠ ወንበር 409።

በውስጡ የሚከተሉት ይኑሩ፦

ኮድ፦ «ወንበር_ተይዟል»
ለፕሮግራመሩ፦ «በስምሪት 4471 ወንበር 12 ሌላ ማቆያ አለው። ክፍት ወንበሮችን ለማየት የስምሪቱን ወንበሮች ጠይቅ።»
ለተሳፋሪው፦ «ወንበር 12 ተይዟል። እባክዎ ሌላ ይምረጡ።»
ፊልድ፦ «ወንበሮች[0]»
መከታተያ፦ «77310952»

ኮዱ አይለወጥም፤ ጽሑፎቹ ግን ሊሻሻሉ ይችላሉ። ኮድ ከሌለ ፕሮግራመሩ «ተይዟል» የሚለውን ቃል ከጽሑፉ ውስጥ ፈልጎ ይወስናል፤ እናንተ አንድ ቀን «ተሽጧል» ስትሉት ሲስተሙ ይቆማል። የተሳፋሪውን ጽሑፍ አጭር አድርጉት፤ ብዙዎች በኤስኤምኤስ ያስተላልፉታልና። በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ ኤስኤምኤስ በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ በሁለት ተከፍሎ ሁለት ያስከፍላል። መከታተያው ቁጥር ፕሮግራመሩ ሲደውል የሚያነብላችሁ ነው፤ ስለዚህ አሃዝ ብቻ ይሁን፣ በስልክ ለማንበብ አያዳግትም።

አምስት ፊልድ ተሳስቶ እያለ አንዱን ብቻ ነግሮ መመለስ ሰውን ከቢሮ ቢሮ ማመላለስ ነው። አምስቱንም በአንድ ጊዜ ንገሩት።

6. ዝርዝርና መጠን

እዚህ ላይ ብዙ አትራቀቁ። ስምሪቶች በቀን ጥቂት ናቸው፤ ሁሉንም መልሱ። ረጅሙ የተሸጡ ትኬቶች ዝርዝር ነው፤ እሱን በ20 በ20 ከፋፍሉ፣ ከ100 በላይ አትፍቀዱ። «ገጽ 3» ከማለት «ከዚህ ትኬት በኋላ ያለውን» የሚል ጠቋሚ ይሻላል፤ ጠሪው እያነበበ ሳለ አዲስ ትኬት ሲሸጥ ገጽ ቆጠራ አንዱን ይደግማል ወይም ያዘልላል።

ፍለጋው ለእያንዳንዱ ስምሪት «ክፍት_ወንበር፦ 17» ይበል እንጂ የ45ቱን ወንበር ካርታ አይዘርግፍ። ካርታው ስምሪቱ ሲመረጥ በሁለተኛ ጥሪ ይምጣ። በሞባይል ዳታ ለሚሠራው ቦት ልዩነቱ ይሰማል። ጠሪው የሚፈልጋቸውን ፊልዶች ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ (ለምሳሌ በግራፍኪውኤል)፣ ሌላም ሌላም መጨመር ይቻላል፤ ለአራት ጥሪ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

7. ሳይሰበር መለወጥ

በአድራሻው ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን «1» የሚል የቨርዥን ቁጥር አስገቡ። አዲስ ፊልድ መጨመር በአብዛኛው አይሰብርም። ፊልድ ማጥፋት፣ ስሙን መለወጥ፣ ቁጥሩን ጽሑፍ ማድረግ፣ ትናንት ያለፈውን ግብአት ዛሬ መከልከል ይሰብራል። አዲስ ሁኔታ መጨመር ግን ያታልላል፦ «ዘግይቷል» የሚል ሁኔታ ስትጨምሩ ስድስቱን ብቻ የሚያውቀው የጠሪ ኮድ ይወድቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው «የማታውቀው ሁኔታ ሲመጣ የስምሪቱን ገጽ አሳይና ቀጥል» ብላችሁ ጻፉ፤ በሙከራ ሰርቨሩም አልፎ አልፎ እንግዳ ሁኔታ መልሱላቸው።

ቃል ያልገባችሁትም ቃል ይሆናል። በጉግል የሠራው ኢንጂነር ሂረም ራይት እንዳስተዋለው ተጠቃሚ ሲበዛ፣ በጽሑፍ ያልተሰጠ ባሕርይ ላይ ጭምር የሚደገፍ ሰው አይጠፋም። ስምሪቶቹ በሰዓት ቅደም ተከተል የሚመጡት ዳታቤዙ በአጋጣሚ እንዲያ ስለመለሳቸው ከሆነ፣ ቦቷ የመጀመሪያውን «የጠዋቱ አውቶቡስ» ብላ ትሸጣለች። ወይ ቅደም ተከተሉን ቃል ግቡና ጻፉት፤ ወይ ጠሪው «ደርድር» ብሎ እንዲጠይቅ አስገድዱት።

የድሮውን ቨርዥን ለመዝጋት 12 ወር ስጡ። የሚዘጋበትን ቀን በየምላሹ ራስጌ ላይ ላኩ፤ ለዚሁ የተመደበ መደበኛ ራስጌ አለ፣ «ሰንሴት» ይባላል። ኢሜይል የሚያነብ ፕሮግራመር ጥቂት ስለሆነ የትኛው ቁልፍ አሁንም አሮጌውን እንደሚጠራ መዝግቡና በስልክ ደውሉለት።

8. ማስረጃ ጽሑፉና የሙከራው ቀን

የመግቢያ ቁልፍ ከተሰጠበት ቅጽበት እስከ መጀመሪያው የተሳካ ጥሪ 15 ደቂቃ ግብ አድርጉ። ሙሉ የሚሠራ፣ ተቀድቶ የሚለጠፍ ምሳሌ በፒኤችፒ፣ በፓይተንና በጃቫስክሪፕት ይኑር። ማብራሪያው በአማርኛ ቢሆን መልካም ነው፤ የፊልድ ስሞቹን ግን ኮዱ ላይ እንዳሉ ተዉአቸው፣ አለዚያ ፕሮግራመሩ ጽሑፉን ከኮዱ ጋር ሲያዛምድ ይውላል።

የሙከራ ሰርቨሩ ስኬትን ብቻ ሳይሆን ውድቀትንም ሲጠየቅ የሚያሳይ ይሁን፦ ወንበር 41 ሁልጊዜ የተሸጠ፣ ወንበር 42 ከ30 ሰከንድ በኋላ የሚመልስ፣ ወንበር 43 ክፍያው ማቆያው ካበቃ በኋላ የሚገባ፣ ወንበር 44 አንዴ 503 ብሎ በሁለተኛው የሚያልፍ። ፕሮግራመሩ እነዚህን በጠረጴዛው ላይ ካላያቸው በመስቀል ሰሞን መናኸሪያው ሲጨናነቅ ያያቸዋል።

የሙከራና የእውነተኛ ቁልፍ በመነሻቸው ይለዩ፤ በዓይን ሲታዩ የሚያምታቱ አይሁኑ። የቦት ኮድ ከነቁልፉ ጊትሀብ ላይ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) መውጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁለት ሕያው ቁልፍ ፍቀዱ፦ አዲሱን አውጥቶ፣ ሲስተሙን ቀይሮ፣ አሮጌውን ይዘጋዋል። አንድ ብቻ ከፈቀዳችሁ መቀየር ማለት ሽያጭ ማቆም ስለሆነ ማንም አይቀይርም።

ከመክፈታችሁ በፊት ኤፒአዩን አይተውት የማያውቁ ሦስት እስከ አምስት ሰዎች ፈልጉ፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ተማሪ ማግኘት አይከብድም። ለእያንዳንዳቸው ቁልፍና አንድ ሥራ ስጡ፦ «ለነገ ጠዋት ወደ ዲላ ሁለት ወንበር ቁረጥ»። አንድ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጡና አትናገሩ። ማስረጃውን ትተው በጎግል የፈለጉትን፣ ገምተው የጻፉትን የፊልድ ስም፣ ሁለት ጊዜ ያነበቡትን አንቀጽ መዝግቡ። ሁለት ሰው በግምት «ቀን» ብሎ ጽፎ እናንተ «የመነሻ_ቀን» ካላችሁት ማስረጃውን ሳይሆን ስሙን ለውጡ። ቅድሚያ የሚታረመው፣ ተጠቃሚው ስሕተት መሥራቱን ሳያውቅ ያለፈው ነው፤ የተገላበጠ ከተማ፣ በመቶ የበዛ ብር። ቆሞ ግራ የተጋባበት ይከተላል። የአጻጻፍ ቅሬታ መጨረሻ ይምጣ። ያረማችሁትን ይዛችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሰዎች አስቀምጡ፤ የፊተኞቹ አሁን ስለሚያውቁት አይጠቅሟችሁም።